«የለም» ተብሎ የታሸገው ፖስታ

የዓሣ ጥናት ጣቢያውን ለቅቄ ወደ መምህርነት በተዛወርኩበት ሳምንት፣ በእጄ ያለውን ንብረት ለማስረከብ ከግምጃ ቤት ኃላፊዋ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጥን። ዝርዝሩ ረጅም አልነበረም። አንድ የእንጨት መለኪያ ሰሌዳ፣ አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ሁለት የዝናብ ልብስ፣ አንድ ታንኳ ከነመቅዘፊያው። ሁሉም በየቅጹ ሰፍሮ ተፈረመ። በመጨረሻ ከጠረጴዛዬ ሥር አንድ የጣውላ ሣጥን ወጣ። ውስጡ በየዓመቱ በሲባጎ የታሰሩ ፖስታዎች ነበሩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መላምት ነው።»

«በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ ሆኗል?»

«አልሆነም።»

«እንግዲያው የለም» ብላ ሣጥኑን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው።

«በመዝገብ አልተገኘም ማለት ይሻላል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና፣ «መምህርነቱ ገና ሳትጀምረው ይዞሃል» አለች።

እርሷ እንደ ቀልድ የወሰደችው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት፣ እኔ የሥራ ዘመኔን ሙሉ የተማርኩት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዕድሜዬ የትዝታ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚያበቃ አይደለም። ቢሆንም ሙያ የሚቀይር ሰው የቀድሞ ሙያው ምን እንዳስተማረው ሳይመዘግብ ቢሄድ ዕዳ ይዞ እንደ ሄደ ይቆጠራል ብዬ ስለማምን፣ የዚያን ሣጥን ታሪክ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት አምባሰል ነበር። ሥራዬ በገበሬ ማሳ ላይ አራት ማዕዘን በገመድ ከልሎ፣ በውስጡ ያለውን ጤፍ ወይም ማሽላ አሳጭዶ መመዘንና መመዝገብ ነው። ከተዳፋት ወደ ተዳፋት መውጣትና መውረዱ ጉልበት ይጨርሳል፤ በእረፍት ሰዓቴ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ስለማነብ ግን ራሴን እንደ ታላቅ ተመራማሪ እቆጥር ነበር። አለቃዬ ምሳውን ለሁለት ከፍሎ የሚያበላኝ ደግ ሰው ነበር። ቁጥርን በተመለከተ ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ «ማዳበሪያና ምርት መዛመዳቸውን የሚያሳይ ነገር አምጣልኝ» ይለኛል። እኔም አመጣለታለሁ። ሳይንስ ማለት የተፈለገውን ነገር ከቁጥር ውስጥ ፈልፍሎ ማምጣት ነው ብዬ አምን ስለነበር፣ ባመጣሁለት ቁጥር ኩራት እንጂ ሌላ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም።

ወደ ሐይቅ ከተማ የተዛወርኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጣቢያው ከውኃው ዳር የቆመ ሦስት ክፍል ነው፤ በመስኮቱ ገዳሙ ያለበት ምላስ መሰል ምድር ወደ ውኃው ገብቶ ይታያል። የጣቢያው ኃላፊ አቶ አስፋው ይባላሉ። ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን ቢሮ ውስጥም የማያወልቁ፣ የካህን ልጅ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ትጋቴን ለማሳየት ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ የሞላውን የዓሣ መዝገብ ይዤ ገባሁና ከፊታቸው ዘረጋሁት። ባርኔጣቸውን አውልቀው መዝገቡን ሸፈኑት።

«ገና አላየሁትም፤ አታሳየኝ» አሉ።

«ለምን ጋሼ?»

«ካየሁት በኋላ የምጠይቀው ነገር ጥያቄ አይደለም። መልስ ነው፣ የጥያቄ ልብስ የለበሰ።»

ከዚያም ሥራቸውን አሳዩኝ። ሁለት ነገሮች ይዛመዱ እንደሆነ ለመመርመር ሲፈልጉ፣ አንድም ዓሣ ሳይለካ፣ አንድም ገጽ ሳይገለጥ፣ ነጭ ወረቀት ላይ በማይጠፋ ቀለም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ «የለም» ብሎ ያልቃል፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ዝምድና የለም። መጽሐፍ አልቦ መላምት የሚለው እርሱ ነው። ሁለተኛው «አለ» ብሎ ያልቃል፤ ይህ አማራጩ ነው። ከሥሩ ቀኑን ይጽፋሉ። ከዚያ ቆመው ጮክ ብለው ያነቡታል። የጣቢያው ሠራተኛ ያልሆነ አንድ ሰው ሰምቶ ከፖስታው ጀርባ ይፈርማል ወይም አውራ ጣቱን ያኖራል። ፖስታው ይታሸጋል። ልኬቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን «የለም» እንደሚቀድም ስጠይቃቸው፣ «ዝም ያለውን ወገን አስቀድመህ አስቀምጠው» አሉኝ። «ዝምድና አለ የሚለው ወገን ጠበቃው ብዙ ነው። አለቃህ ይፈልገዋል፣ አንተ ትፈልገዋለህ፣ ጋዜጣ ይፈልገዋል። የለም የሚለው ብቻውን ነው። ስለዚህ ወንበሩን ለእርሱ ስጠው፤ ማስረጃው በጉልበቱ ያስነሣው።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል ለመግለጽ ይቸግረኛል። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ሰው በሚፈልገው ነገር ላይ በገዛ እጁ ይህን ያህል በር እንዲዘጋ የሚያዝዝ ሥርዓት ግን አላየሁም ነበር።

የመጀመሪያ መላምቴን እኔው እንድጽፍ ፈቀዱልኝ። «በለካናቸው ዓሦች ርዝመትና ክብደት መካከል ዝምድና የለም» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡና፣ «ለካኋቸው ካልክ መላምት ለምን አስፈለገህ?» አሉኝ። «ቅርጫቱ እጅህ ላይ ነው፤ አስልተህ ታየዋለህ። መላምት የሚያስፈልገው ለማታየው ነው።» ወደ መስኮቱ ወስደው ውኃውን አሳዩኝ። «የምትጽፈው ስለዚያ ነው። ስለ ቅርጫቱ አይደለም፣ ስለ ሐይቁ።»

በወረቀቱ ግርጌ ሁለት ፊደል ጻፉ። ከቅርጫቱ ለሚሰላው የተዛምዶ መጠን አር የሚባለውን ፊደል፣ በሐይቁ ውስጥ ላለው ግን ሮ የሚባለውን የግሪክ ፊደል። «አር በየቅርጫቱ ይለያያል። ሮ አንድ ነው፤ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። አልቦ መላምት ሮ ዜሮ ነው ይላል። አማራጩ ሮ ዜሮ አይደለም ይላል፤ ከዜሮ በላይም ይሁን በታች። ወዴት እንደሚያደላ አስቀድመህ የምታውቅበት የቆየ ምክንያት ከሌለህ አቅጣጫ አትምረጥለት።»

ያን ቀን ውኃውን ቆሜ ሳየው ቆየሁ። እኛ ብንለካውም ባንለካውም፣ ጣቢያው ቢሠራም ባይሠራም፣ በዚያ ውኃ ሥር ማንም ያልጻፈው ቁጥር አለ። ያ ሐሳብ ቤተ መቅደስ የገባሁ ያህል ድምፄን ዝቅ አስደረገኝ።

የፖስታዎቹ ምስክር ብዙ ጊዜ አያ ይመር ነበሩ። ዓሣ አስጋሪ ናቸው፤ ሙስሊም፣ ከአቶ አስፋው ጥቂት የሚበልጡ፣ መረባቸውን ክሩን በእጃቸው እየቋጠሩ አንድ ክረምት ሙሉ የሠሩ። ፊደል አልቆጠሩም። እኔን መለኪያ ሰሌዳዬን ተሸክሜ ስለሚያዩኝ «ሰሌዳው» ይሉኛል። አቶ አስፋው በመጽሐፍ ያለውን «ተዛምዶ» የሚል ቃል ትተው «ዝምድና» ብለው የሚጽፉት፣ ምስክሩ የሰማው እንዲገባው ነበር። አያ ይመርን ግን ቃሉ ሁልጊዜ ያስቃቸዋል።

«ዝናብና ዓሣ ዝምድና የላቸውም ነው የምትለው?» ይላሉ።

«ገና ነው። የለም ብዬ ነው የምጀምረው።»

«ወላሂ አስፋው፣ ወሎ ላይ ሆነህ ዝምድና የለም ብለህ ትጽፋለህ። ይሄን ወረቀት አባትህ ቢያዩት ከቤት ያስወጡህ ነበር።»

«አባቴ የዚህ ሥራ ሊቅ ነበሩ» ይላሉ አቶ አስፋው፣ ሳይስቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በክርስቲያኑ ልማድ ወጣቶች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሎች የሁለቱንም ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የአቶ አስፋው አባት በአገሩ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ነበሩ። አቶ አስፋው በወጣትነታቸው አንዲት የአምባሰል ልጅ አጭተው፣ ቆጠራው እስከ አምስተኛው ቤት ምንም ሳያሳይ ቆይቶ፣ ስድስተኛው ላይ አንድ ስም ከሁለቱም ወገን ወጣ። ስሙን ያወጡት የገዛ አባታቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አላገቡም። ይህን የነገሩኝ አያ ይመር ናቸው፤ አቶ አስፋው ራሳቸው ግን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

በጣቢያው በሦስተኛ ዓመቴ አቶ አስፋው ታመው ለሕክምና ደሴ ሄዱ፤ ወራት ቆዩ። ወረዳው በሐይቁ ላይ የሚጣለው መረብ መብዛቱ አሳስቦት፣ ጣቢያው አስተያየት እንዲሰጥ በደብዳቤ ጠየቀ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ለብቻዬ ታላቅ ነገር የምሠራበት ጊዜ የደረሰ መሰለኝ። በየሳምንቱ የተጣለው መረብ ብዛትና ወደ ሚዛኑ የመጣው፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አማካይ ርዝመት የሰፈረበትን መዝገብ ገለጥኩ። በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ነጥቦቹን አኖርኩ። ነጥቦቹ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች ይወርዳሉ። መረብ በበዛበት ሳምንት ዓሣው አጭር ነው።

ልቤ ደስ አለው። መላምቱን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። «የለም» የሚለውን አስቀደምኩ፤ ሥርዓቱን በአፍ አልጣስኩም። አማራጩን ግን «መረብ ሲበዛ ዓሣ ያጥራል» ብዬ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጻፍኩት። አቅጣጫውን የመረጥኩት ከቀደመ ዕውቀት አልነበረም፤ ነጥቦቹ ሲወርዱ ስላየሁ ነው። ቀኑንም ልኬቱ ከተጀመረበት ቀን አስቀድሜ ጻፍኩ።

የቀረው ምስክር ነበር። ፖስታውንና የጣት ቀለሙን ይዤ ወደ ዳሩ ወረድኩ። አያ ይመር ታንኳቸው አጠገብ ተቀምጠው የመረባቸውን ቀዳዳ ይሰፋሉ።

«አያ ይመር፣ አውራ ጣትዎን ፈልጌ ነበር።»

«ምን ይላል?»

«እንደ ወትሮው ነው። ስለ ሐይቁ።»

«አስፋው ያነበው ነበር።»

«ዛሬ ቸኩያለሁ።»

እጃቸውን በኩታቸው ጠረጉና ዘረጉልኝ። «እንካ ሰሌዳው። ይቺ ጣት ከእኔ ይልቅ አንተን ታውቃለች» አሉ።

ስሌቱን ሠራሁ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲመዘን ውጤቱ አልቦ መላምቱን ለመጣል የተቀመጠውን ወሰን በጥቂቱ አለፈ። በሁለቱም አቅጣጫ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ አያልፍም ነበር፤ ይህን አውቅ ነበር። ሪፖርቱ ላይ «በመረብ መብዛት ምክንያት ዓሣው እያጠረ መሄዱ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንኳ በቅጡ ሳላሳይ፣ አንዱን የሌላው ምክንያት አደረግኩት። ወረዳው በስብሰባ አመሰገነኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአስጋሪዎቹ ማኅበር መጨረሻ ላይ የተመዘገቡ ሰዎች መረብ እንዲሰበሰብ ትእዛዝ ወጣ። አያ ይመር ማኅበሩን የተቀላቀሉት ዘግይተው ነበር። ያ አንድ ክረምት የፈጀ መረብ ተጠቅልሎ የወረዳው መጋዘን ገባ።

አቶ አስፋው ከደሴ ሲመለሱ ከስተው ነበር። ሪፖርቱን ቆመው አነበቡት። ከዚያ ሣጥኑን አስወጥተው ፖስታውን ፈለጉ። ጀርባውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«እኔ ስሄድ የጣቢያው የጣት ቀለም ሐምራዊ ነበር» አሉ። «ደርቆ ነበር። ቀዩ መቼ ገባ?»

ቀዩ የገባው ከሄዱ በኋላ ነው። በፖስታው ላይ ያለው ቀን ግን ከመሄዳቸው በፊት ነበር፤ አውራ ጣቱም ቀይ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አሉ። «ጣቱ የእኔ አይደለም።»

ወደ ዳሩ ስወርድ ያቺ አጭር መንገድ ከአምባሰል ተዳፋት ሁሉ ከበደችኝ። አያ ይመር የሌላ ሰው መረብ ይጠግናሉ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«እና መረቤን የወሰደችው ያቺ ወረቀት ናት?»

«አዎ።»

«በገዛ ጣቴ።»

«አዎ፣ አያ ይመር።»

«እኔ እኮ የከሰሰኝን ሰው ስፈልግ ከርሜያለሁ። ሁሉንም ጠርጥሬያለሁ፤ የአጎቴን ልጅ ሳይቀር። ራሴን ብቻ ነበር ያልጠረጠርኩት።» መርፌውን መረቡ ላይ ሰክተው ተዉት። «ቁጭ በል። አሁን አንብባት።»

ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን በቃሌ ደገምኩላቸው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። መረብ የሚበዛው መቼ ነው?»

አሰብኩ። «በሁዳዴ» አልኩ።

«በሁዳዴ። ዓሣ የሚበላው ጾመኛ ይፈልገናል፤ የመንገዱ ምግብ ቤት ሁሉ ይፈልገናል። ታንኳ ያለው ሁሉ ይወርዳል። ያን ጊዜ መዳፍ የማትሞላዋን ቆሮሶ ሳይቀር ይገዙናል። ፋሲካ ካለፈ ግን ትንሿን ማን ዞር ብሎ ያያታል? ከመረቡ ፈትተን እዚያው ውኃው ላይ እንጥላታለን። ወዳንተ ሰሌዳ የምትመጣው ትልቋ ብቻ ናት።»

የሚሉት ገብቶኝ ደነገጥኩ። በጾም ወራት መረቡ ይበዛል፤ ትናንሾቹም ወደ ሚዛን ይመጣሉ። በፍስክ ወራት መረቡ ያንሳል፤ ትናንሾቹ ሳይለኩ ይመለሳሉ። በወረቀቴ ላይ ወደ ታች የወረደው የገዢው ምርጫ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩትን ረስቼ፣ የጻፍኩት ስለ ሐይቁ ሳይሆን ስለ ቅርጫቱ ነው።

«ይቺን ያን ዕለት አንብበህልኝ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልነግርህም ነበር?» አሉ አያ ይመር።

ምስክሩ ቆሞ የሚሰማው ለወግ ይመስለኝ ነበር። ጮክ ብሎ ማንበብ የሥራው አካል መሆኑን፣ በሐይቁ ላይ አርባ ዓመት የኖረ ጆሮ የእኔን ካልኩሌተር የሚያርም መሣሪያ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሪፖርቱን በደብዳቤ ሳብኩት። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ዘይነባ ደብዳቤውን አንብበው፣ «ተረጋግጧል ብለህ ጽፈህ አሁን ደግሞ አልተረጋገጠም ትላለህ። መረቡን በአንድ ቃል አስገብቼ በአንድ ቃል አላስወጣውም። ጥናት አምጡ» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም።

አዲሱ ወረቀት ከታንኳዎቹ አጠገብ፣ አስጋሪዎቹ በተሰበሰቡበት ተነበበ። ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በሐይቁ ውስጥ ባለው ቆሮሶ ርዝመትና በሚጣለው መረብ ብዛት መካከል ዝምድና የለም። አማራጩ፤ ዝምድና አለ፣ ወደ የትኛውም ወገን ቢሆን። ከመረብ የወጣ ዓሣ ሁሉ፣ የሚሸጠውም የሚጣለውም፣ ውኃው ላይ እያለ እንዲለካ ተወሰነ። «ባለቤት የሌላቸውን ትንንሾች እኔ እቆጥራለሁ» አሉ አያ ይመር። መረብ ስላልነበራቸው ዓመቱን ሙሉ በሰው ታንኳ ላይ ሰሌዳዬን ተሸክመው ወጡ። ስሜ ወደ እርሳቸው ዞረ፤ አስጋሪዎቹ «አያ ሰሌዳው» እያሉ አሾፉባቸው። በረመዳን ጾመው ይለኩ ነበር፤ «ያንተው ቆሮሶም እኮ ቁርስ አልበላችም» ይሉኝ ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ ፖስታው ተከፈተ፣ ስሌቱ ተሠራ። ውጤቱ ከወሰኑ በታች ቀረ። አልቦ መላምቱ ከወንበሩ አልተነሣም።

አሁን የምጽፈው ክፍል አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ሪፖርቱን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። «ዝምድና የለም» ብዬ ብጽፍ መረቡ በዚያው ሳምንት እንደሚለቀቅ አውቃለሁ። ትክክለኛው ቃል ግን ያ አይደለም። አልቦ መላምት አለመውደቁ እውነት መሆኑን አያሳይም፤ እስካሁን የሚጥለው ማስረጃ አላገኘንም ማለት ብቻ ነው። በጥፋት ቃል የወሰድኩትን መረብ በሌላ የጥፋት ቃል ልመልሰው? አያ ይመር ዓመቱን ሙሉ በሰው ታንኳ ዳር መቀመጣቸውን እያሰብኩ ብዕሩን ብዙ ጊዜ አነሣሁ፣ ብዙ ጊዜ አስቀመጥኩ። አቶ አስፋው በወዲያኛው ጠረጴዛ ባርኔጣቸውን ደፍተው ያነባሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሪፖርቱ ያንተ ነው» አሉና ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

«አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ።

ወይዘሮ ዘይነባ አቶ አስፋውን፣ አያ ይመርንና እኔን በቢሯቸው ተቀበሉን። ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዝምድና አለ ወይስ የለም?»

«ፈልገን አላገኘንም» አልኩ።

«ስለዚህ የለም።»

«አልተገኘም ነው የምንለው።»

«ታዲያ በአልተገኘም እንዴት ብዬ ነው መረብ የምለቀው? ነገ ቢገኝስ?»

የጻፍኩት ቃል አያ ይመርን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያስከፍላቸው እያየሁ ነበር። በዚህ ጊዜ እርሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘይነባ ልጄ፣ ክርስቲያን ጎረቤት አለሽ?»

«አሉኝ፤ ምነው?»

«እኔ እስላም ሆኜ ስንቱን የክርስቲያን ሽምግልና ተቀምጫለሁ። ልጅ ሲዳር ዘር ይቆጠራል። መጀመሪያ ዝምድና የለም ብለው ነው የሚነሡት፤ ያለዚያ ማን ያጫል? ከዚያ ቤት በቤት ይፈልጋሉ። ከተገኘ ጋብቻው ይፈርሳል። ካልተገኘ ግን ‹የለም› ብሎ የሚምል ሽማግሌ እስካሁን አላየሁም። ‹ቆጥረን አላገኘንም› ነው የሚሉት። ሰው የአያቱን አያት ሁሉ ያውቃል እንዴ? እና በ‹አላገኘንም› ሠርጉ ይቀራል? ይጨፈራል እንጂ።»

አቶ አስፋው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ጠርዙን በጣታቸው እያዞሩ ወለሉን አዩ። ስድስተኛው ቤት ላይ ስለ ወጣው ስም እንዳሰቡ አልጠራጠርም። እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ስፈልገው የኖርኩትን ትርጓሜ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ከመንደር ሽምግልና አንሥተው ሲያስቀምጡት እየሰማሁ፣ ተቀምጬ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ ፈገግታቸውን በመነጽራቸው ሸፈኑ። «ስንት ቤት ቆጠራችሁ?» አሉኝ።

«አንድ ዓመት ሙሉ። ጾሙንም ፍስኩንም።»

«መቁጠሩን አታቁሙ» አሉና የመልቀቂያውን ትእዛዝ ጻፉ።

በማግስቱ መረቡ ከመጋዘን ወጣ። አይጥ አንድ ጥጉን በልቶታል፤ አያ ይመር ጉዳቱን በመዳፋቸው ለክተው «አብሽር፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው» አሉኝ፤ የተጎዳሁት እኔ ይመስል። የርክክቡን ቅጽ እኔ እንዳስፈርም ታዝዤ ስለነበር፣ ወረቀቱንና ቀይ ቀለሙን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ አስጠጉና አቆሙት።

«አንብብልኝ።»

አነበብኩ። የቅጹን ቁጥር፣ የመጋዘኑን ስም፣ የመረቡን ርዝመት፣ በአይጥ የተበላውን ጥግ፣ ሁሉንም ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ እስከ ግርጌው አነበብኩ። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ቀኑስ?» አሉ።

«የዛሬ ነው።»

«የዛሬ ከሆነ ጥሩ» አሉና ጣታቸውን አኖሩ።